የማይቋረጠው የዘር ሐረግና የሚያረጀው እንቁላል

ተስፈኛው፦ የሰው ሕዋሳት ሁሉ ያረጃሉ የሚለው አባባል በጥንቃቄ ሲመረመር አንድ ትልቅ ክፍተት ይገኝበታል። እ.ኤ.አ. በ1961 ሊዮናርድ ሄይፍሊክና ፖል ሙርሄድ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ከሰው ጽንስ የተወሰዱ ሕዋሳትን በቤተ ሙከራ ሲያራቡ፣ ሕዋሳቱ ምግብና ሙቀት ሳይጓደልባቸው ሃምሳ ጊዜ ያህል ከተከፈሉ በኋላ መከፈል እንደሚያቆሙ አሳዩ፤ በዚህም እርጅና ከውጭ የሚደርስ ጉዳት ብቻ ሳይሆን ከሕዋሱ ውስጥ የሚመነጭ ልክ እንዳለው ታወቀ። ይሁን እንጂ አውጉስት ቫይስማን የተባለው ጀርመናዊ የሥነ ሕይወት ሊቅ ከዚያ 70 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ሕዋሳትን በሁለት ወገን ከፍሎ፣ አካልን የሚሠሩት ከባለቤታቸው ጋር ሲሞቱ የዘር ሕዋሳት፣ ማለትም የሴቷ እንቁላልና የወንዱ ስፐርም የሚገኙበት ሐረግ፣ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሳይቋረጥ እንደሚተላለፍ አስተምሮ ነበር። የ40 ዓመት እናት የምትወልደው ልጅ የ40 ዓመት አካል ይዞ አይወለድም፤ ዕድሜውን ከመነሻው ይጀምራል። ይህ ሐረግ ሕይወት በምድር ላይ ከታየችበት ዘመን አንሥቶ ከ3 ቢሊዮን ዓመት በላይ ሳይበጠስ ስለ ቆየ፣ እርጅና የሕያው ነገር ሁሉ የማይቀር ዕዳ ነው ማለት አይቻልም።

ተጠራጣሪው፦ ያልተቋረጠው ምን እንደሆነ ሳይለይ ወደ መደምደሚያ መሄድ ያሳስታል። ሐረጉ አለመበጠሱ፣ ሐረጉን የተሸከመው ሕዋስ አያረጅም ማለት አይደለም፤ እንዲያውም በሴት አካል ውስጥ እርጅና ቀድሞ ከሚገባባቸው ሕዋሳት ዋነኛው የእንቁላል ሕዋስ ነው። ሴት ጽንስ አምስት ወር ሲሞላት በኦቫሪዎቿ፣ ማለትም እንቁላል በሚቀመጥባቸው የመራቢያ አካሎቿ፣ ከ6 እስከ 7 ሚሊዮን የሚደርሱ የእንቁላል ሕዋሳት ይገኛሉ። ስትወለድ ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን፣ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ከ300 እስከ 400 ሺህ ይቀራሉ፤ ከእነዚህም በዕድሜዋ ሙሉ ለመጸነስ የሚበቁት 400 ገደማ ብቻ ሲሆኑ ሌሎቹ ባሉበት ይከስማሉ። በአማካይ በ51 ዓመት አካባቢ ስታርጥ፣ ማለትም የወር አበባዋ ለዘለቄታው ሲቆም፣ የቀሩት አንድ ሺህ ያህል ናቸው። ልቧ፣ ጉበቷና ኩላሊቷ ገና ለብዙ ዓመታት በሚያገለግሉበት ዕድሜ ሥራውን የሚያቆመው ይህ የማያረጅ የተባለው ሐረግ ማደሪያ ነው።

ተስፈኛው፦ የእንቁላል ክምችት መመናመንና የሕዋስ ማርጀት አንድ አይደሉም። ክሮሞዞም በሚባለውና ዘረመል በተጠቀለለበት ክር ጫፍ ላይ ቴሎሜር የተባለ ተደጋጋሚ ቅጥያ አለ፤ ሕዋስ በተከፈለ ቁጥር ቅጥያው ያጥራል፣ ከልክ በላይ ሲያጥርም ሕዋሱ መከፈሉን ይተዋል፤ ሄይፍሊክ ያየው ልክ በአብዛኛው የተብራራው በዚህ ነው። በዘር ሕዋሳት ሐረግ ግን ቴሎሜሬዝ የተባለ ኢንዛይም ያጠረውን ቅጥያ መልሶ ያስረዝማል፤ ኤሊዛቤት ብላክበርን፣ ካሮል ግራይደርና ጃክ ሾስታክ እ.ኤ.አ. በ2009 የኖቤል ሽልማት ያገኙት ስለ ቴሎሜርና ስለዚሁ ኢንዛይም ባደረጉት ግኝት ነው። ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው፣ የሸመገለ ወንድ ስፐርም ቴሎሜር ከወጣቱ ይልቅ የሚረዝም መሆኑና ከእርሱ የሚወለዱ ልጆችም በአማካይ ረዘም ያለ ቴሎሜር ይዘው መገኘታቸው ነው። ዕድሜ በጨመረ ቁጥር የእርጅና ምልክቱ ወደ ኋላ የሚሄድበት ሕዋስ በአካል ውስጥ ሌላ የት ይገኛል?

ተጠራጣሪው፦ ቴሎሜር የሚቆጥረው መከፈልን ነው፤ እንቁላል ግን ችግሩ ብዙ መከፈሉ ሳይሆን ሳይከፈል መቆየቱ ነው። የእንቁላል ሕዋስ ክሮሞዞሞቹን ከ46 ወደ 23 የሚያወርደውን ሜዮሲስ የተባለ ልዩ ክፍፍል የሚጀምረው ባለቤቱ ገና በእናቷ ማሕፀን ሳለች ነው፤ ከጀመረም በኋላ መካከል ላይ ያቆማል። የቆመው ክፍፍል የሚቀጥለው እንቁላሉ ከኦቫሪ ሊወጣ ሲል ስለሆነ፣ ሴቷ በ42 ዓመቷ ያወጣችው እንቁላል ክሮሞዞሞቹን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ይዞ ከ42 ዓመት በላይ ጠብቋል። ጥንዶቹን በቀለበት መልክ አቅፎ የሚያቆያቸው ኮሄሲን የተባለ ፕሮቲን ሲሆን፣ በአይጦች ላይ በተደረጉ ሙከራዎች እንደታየው ይህ ፕሮቲን የሚሠራው ከመወለድ በፊት ነው፤ ከዚያ በኋላ እምብዛም አይታደስም። ቀለበቱ እየላላ ሲሄድ ክሮሞዞሞች ያለ ጊዜያቸው ይለያያሉ፤ እንቁላሉም አንድ ትርፍ ወይም አንድ ጎደሎ ይዞ ይወጣል። ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የጽንስ መጨንገፎች ግማሽ ያህሉ ከእንዲህ ያለው የቁጥር መዛባት ጋር የተያያዙ ናቸው። ዳውን ሲንድረም የዚሁ አንድ ምሳሌ ነው፤ እንግሊዛዊው ላየነል ፔንሮዝ እ.ኤ.አ. በ1933 ጉዳዩ ከአባት ሳይሆን ከእናት ዕድሜ ጋር እንደሚሄድ አሳየ፤ ምክንያቱ ትርፍ 21ኛ ክሮሞዞም መሆኑ ግን እስከ 1959 አልታወቀም። በ25 ዓመት ከምትወልድ እናት ልጆች ከ1,200 ገደማ አንዱ፣ በ40 ዓመት ከ100 አንዱ፣ በ45 ዓመት ከ30 አንዱ ከዚህ ሁኔታ ጋር ይወለዳል። የትኛውም ቴሎሜሬዝ ይህን አያርመውም።

ተስፈኛው፦ ቁጥሮቹ አይካዱም፤ ይሁንና ስሕተቱን ሁሉ በዕድሜ ላይ መጫን ሌላውን እውነት ይሸፍናል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት ከልጃገረዶች እስከ 40ዎቹ ዕድሜ ካሉ ሴቶች የተወሰዱ እንቁላሎችን ሲመረምር፣ የክሮሞዞም ስሕተት በ20ዎቹ ዕድሜ ዝቅ ብሎ በገና ወጣቶቹና ከ33 ዓመት በኋላ ባሉት ከፍ እንደሚል አሳይቷል፤ ስለዚህ መጠበቅ ብቻ ሳይሆን ገና አለመብሰልም ያሳስታል ማለት ነው። ከዚህም ሌላ እንቁላል ዝም ብሎ የሚበላሽ ዕቃ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 በባርሴሎና የሚገኙ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ በጥበቃ ላይ ያለ የሰው እንቁላል፣ በሕዋስ ውስጥ ኃይል የሚያመነጩትን ማይቶኮንድሪያ ሥራ ላይ እያዋለ ከኃይል ማመንጫው ሰንሰለት የመጀመሪያውን ክፍል ያፍነዋል፤ ይህ ክፍል ዲ ኤን ኤንና ፕሮቲንን የሚጎዱ የኦክስጅን ውጤቶች ከሚፈጠሩባቸው ዋና ዋና ስፍራዎች አንዱ ስለሆነ፣ ሕዋሱ እርጅናን አስቀድሞ የሚከላከልበት ዘዴ አለው ማለት ነው። ዘዴው ፍጹም ባይሆንም፣ በሌላ የሰው ሕዋስ ውስጥ ለአርባ ዓመት የሚዘልቅ እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ተጠራጣሪው፦ የጥንቃቄው ብርታት የአደጋውን ክብደት ይመሰክራል። እንቁላልና ስፐርም የሚያረጁበት መንገድ እርስ በርሱ የተለያየ መሆኑም በዚሁ ይታያል፦ በዕቃ ቤት ተዘግቶ የኖረ ብራና በብልና በእርጥበት ሲጎዳ፣ በየዘመኑ ከእጅ ወደ እጅ የሚገለበጥ መጽሐፍ ደግሞ በጸሐፍት ስሕተት እንደሚጎዳ፣ እናት የምትሰጠው የተጠበቀ ቅጂ፣ አባት የሚሰጠው የተገለበጠ ቅጂ ነው። ስፐርም የሚመነጭባቸው እናት ሕዋሳት ከጉርምስና በኋላ በዓመት 23 ጊዜ ያህል ስለሚከፈሉ፣ የ40 ዓመት ሰው ስፐርም ከ600 በላይ ግልባጮችን አልፎ ይመጣል። በአይስላንድ ቤተሰቦች ላይ የተደረጉና እ.ኤ.አ. በ2012 እና በ2017 የታተሙ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ የአባት ዕድሜ በአንድ ዓመት በጨመረ ቁጥር ልጁ ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት የሚደርሱ አዳዲስ የዘረመል ለውጦችን ተጨማሪ አድርጎ ይቀበላል፤ የእናት ድርሻ የዚህ ሩብ ያህል ነው። የረዘመው ቴሎሜር፣ የተባለው የወጣትነት ምልክት፣ ይህን የስሕተት ክምችት አያስቀርም።

ስለ አባት የሚነሣው ነገር በዚህ አያበቃም። አኮንድሮፕላዚያ የተባለው፣ እጅና እግርን በማሳጠር የሚታወቀው የአጥንት እድገት ሁኔታ፣ በአዲስ ለውጥ ሲመጣ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ የሚመጣው ከአባት ነው፤ ዊልሄልም ቫይንበርግ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ሁኔታው ከወንድሞችና ከእኅቶች መካከል በመጨረሻ ልጆች ላይ እንደሚበዛ ያስተዋለው ገና እ.ኤ.አ. በ1912 ነበር። ለውጡ ያለበት እናት ሕዋስ በወንዱ የዘር ፍሬ ውስጥ ከጎረቤቶቹ ይልቅ እየተስፋፋ ስለሚሄድ፣ ስሕተቱ የሚከማች ብቻ ሳይሆን የሚመረጥም ነው። በኢትዮጵያም ሆነ በብዙ አገሮች ልጅ ሲጠፋ ወይም ሲታመም ነቀፋው አስቀድሞ በሴቷ ላይ መውደቁ፣ መካንነት ካጋጠማቸው ጥንዶች በግማሽ ገደማ ወንዱ ብቻውን ወይም ከሴቷ ጋር ድርሻ ያለው ሆኖ ሳለ፣ ብዙ ትዳር ያፈረሰና ብዙ ሴት ያሳዘነ ታላቅ በደል ነው።

ተስፈኛው፦ በበደሉ ላይ ክርክር የለም። ክርክሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ ከሁለት ያረጁ ሕዋሳት አንድ ወጣት ሕዋስ እንዴት ይገኛል የሚለው ጥያቄ እስካሁን አልተነካም። ጆን ገርደን እ.ኤ.አ. በ1962 ከእንቁራሪት አንጀት የተወሰደ ኑክለስ፣ ማለትም ዘረመል የያዘው የሕዋስ ማዕከል፣ የራሱ ኑክለስ በጠፋበት እንቁላል ውስጥ ሲገባ አዲስ እንቁራሪት ሊሆን እንደሚችል አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1996 ከስድስት ዓመት በግ ጡት ሕዋስ ዶሊ የተባለች በግ ተወለደች። ሺንያ ያማናካ ደግሞ በ2006 አራት ፕሮቲኖችን ብቻ በመጠቀም የአይጥን የአካል ሕዋስ ወደ ሽል ዓይነት ሕዋስ መለሰ። በዲ ኤን ኤ ላይ የሚለጠፉ ኬሚካላዊ ምልክቶችን በመቁጠር የሕዋስን ዕድሜ የሚለኩ ሰዓቶች ከ2013 ጀምሮ በስፋት ሥራ ላይ ሲውሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት የአይጥ ሽል በመጀመሪያ የእድገት ቀኖቹ ይህ ዕድሜው እንደሚቀንስና ዝቅተኛ ነጥብ ላይ ከደረሰ በኋላ እንደገና መጨመር እንደሚጀምር አመልክቷል። እንግዲህ ወጣትነት በዘር ሕዋስ ውስጥ ተከማችቶ የሚተላለፍ ሀብት ሳይሆን በእያንዳንዱ ጽንሰት አዲስ የሚሠራ ሥራ ነው፤ ሥራ ከሆነ ደግሞ መማር ይቻላል።

ተጠራጣሪው፦ በዚህ አነጋገር ውስጥ ሁለት ነገሮች ተደባልቀዋል። በዲ ኤን ኤ ላይ የተለጠፈ ምልክት ሊፋቅ ይችላል፤ በዲ ኤን ኤ ውስጥ የተሳሳተ ፊደል ወይም በትርፍነት የገባ ክሮሞዞም ግን አይፋቅም። ሽሉ ምልክቱን ያድሳል፤ ስሕተቱን የሚያስወግደው ግን መታደስ ሳይሆን መጣል ነው። ከሰባት ሚሊዮን እንቁላሎች 400ው ብቻ መቅረታቸው፣ ከተጸነሱትም ብዙዎቹ እናቲቱ ሳታውቅ መጥፋታቸው፣ ሌሎቹ በመጨንገፍ መለየታቸው፣ የዚሁ መጣል ደረጃዎች ናቸው። ዶሊ የተገኘችው ከ277 ሙከራዎች አንዷ ሆና ነው። ሐረጉ የማይሞት የሚመስለው ከኋላው ያለው ትውልድ ሁሉ የቀሩትን ብቻ እየቆጠረ ስለሚያየው ነው፤ የዛሬው ሰው የተረፉት ዘር ስለሆነ የጠፉትን አያያቸውም። እያንዳንዱ የዘር ሕዋስ ሟች ሆኖ ሳለ ሐረጉ ሊቀጥል መቻሉ የሚያስደንቅ ነው፤ ነገር ግን ልጅ ለምትጠብቅ አንዲት ሴት የሐረጉ መቀጠል ምንም አይፈይድላትም፤ ለእርሷ የሚያስፈልጓት የራሷ እንቁላሎች ናቸው።

ተስፈኛው፦ የዶሊ ነገር ከተነሣ፣ በእንግሊዝ አገር ከዚያው ከዶሊ የሕዋስ ክምችት የተገኙ አራት በጎች ከሰባት እስከ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸው እ.ኤ.አ. በ2016 ሲመረመሩ እንደ ዕድሜ አቻዎቻቸው ጤነኛ ሆነው መገኘታቸው ሊጨመር ይገባል፤ ወደ ኋላ የተመለሰው ዕድሜ በእርግጥ ተመልሷል። የአንዲቷ ሴት ጉዳይ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ስለሆነ በቀጥታ መመለስ አለበት። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ በለጋሽ እንቁላል ልጆች ተወልደዋል፤ የ45 ዓመት ሴት የ25 ዓመት ለጋሽ እንቁላል ስትቀበል የመጽነስ ዕድሏ በዋናነት የሚከተለው የለጋሿን ዕድሜ ነው። ይህ ማለት የእርጅናው ቋጠሮ በማሕፀን ሳይሆን በእንቁላሉ ነው ማለት ነው፤ ቋጠሮው የት እንዳለ የታወቀ ችግር ደግሞ ግማሽ መንገድ የተሄደበት ነው። ካትሱሂኮ ሃያሺና ሚቲኖሪ ሳይቱ በጃፓን እ.ኤ.አ. በ2012 ከአይጥ ግንደ ሕዋስ፣ ማለትም ወደ ብዙ ዓይነት ሕዋስ ሊያድግ ከሚችል መነሻ ሕዋስ፣ የሚጸነስ እንቁላል አገኙ። ሃያሺ በ2023 ይህን ከወንድ አይጥ ሕዋስ ጭምር አሳካው።

ተጠራጣሪው፦ አሳካው ከተባለ ቁጥሩም ይነገር፦ ከ630 ሽሎች የተወለዱት ሰባት ናቸው። በሰው ላይ ይህ እስካሁን አልተደረገም። ልገሳም ቢሆን እርጅናን አይመልስም፤ የአንዷን ሴት ወጣትነት ለሌላዋ ያሻግራል እንጂ፤ እንቁላልን በወጣትነት አውጥቶ ማቀዝቀዝም ያለውን ያቆያል እንጂ የሌለውን አይጨምርም። የእናቲቱ አካል ከነገሩ ውጭ ነው መባሉም ትክክል አይደለም፤ በለጋሽ እንቁላል ያረገዘች በዕድሜ የገፋች ሴት የደም ግፊትና በእርግዝና የሚመጣ የስኳር በሽታ ስጋት ከወጣቷ ይበልጥባታል።

ተስፈኛው፦ እንቁላሉን በአዲስ መተካት ብቸኛው መንገድ አይደለም። ራፓማይሲን የተባለው፣ የሰውነት ክፍል ለተተከለላቸው ሕሙማን የሚሰጠው መድኃኒት፣ በአይጦች ላይ የእንቁላል ክምችት የሚሟጠጥበትን ፍጥነት ቀንሷል፤ በኒው ዮርክ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም በሴቶች ላይ መሞከር ጀምረዋል። የዚህ ጥቅም ለመውለድ ብቻ አይደለም፤ ያለ ጊዜዋ ያረጠች ሴት አጥንቷ የመሳሳትና ልቧ የመታመም ዕድሉ ስለሚጨምር፣ የኦቫሪን እርጅና ማዘግየት ልጅ ለማትፈልግ ሴት ጭምር ጤና ነው። በሌላ በኩል በጀርመን ጎቲንገን የሚገኙ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2022 እንዳሳተሙት፣ የሰው እንቁላል ክሮሞዞሞችን የሚጎትተው አውታር የሚናጋው ሌሎች አጥቢ እንስሳት ያላቸው አንድ ፕሮቲን ስለሚያንሰው ሲሆን፣ ፕሮቲኑ ሲጨመርለት አውታሩ ይረጋጋል። የስሕተቱ አንድ ምንጭ እንዲህ ተለይቶ በእጅ ሊዳሰስ ከቻለ፣ የክሮሞዞም መዛባት የማይነካ ዕጣ ፈንታ ነው ማለት አይቻልም።

ተጠራጣሪው፦ ሁለቱም መንገዶች የየራሳቸው ችግር አለባቸው። የእንቁላሉ ክምችት ቀስ ብሎ ቢሟጠጥ እያንዳንዱ እንቁላል የሚጠብቅበት ጊዜ አያጥርም፤ ኮሄሲን የሚላላው በዓመታት ስለሆነ፣ የ48 ዓመት ሴት ብዙ እንቁላል ቢቀርላትም የ48 ዓመት እንቁላሎች ናቸው፤ ብዛት ሲጠበቅ ጥራት አልተጠበቀም። በእንቁላሉ ውስጥ ፕሮቲን መጨመር ግን ሌላ ጥያቄ ይወልዳል፣ እርሱም ከዚህ ምልልስ መነሻ የመጣ ነው፦ ሐረጉ አይቋረጥም ከተባለ፣ በሐረጉ ውስጥ የገባ ጉዳትም አይቋረጥም። በጉበት ሕዋስ ላይ የተሳሳተ ሐኪም አንድ ሕመምተኛ ይጎዳል፤ በዘር ሕዋስ ላይ የተሳሳተ ግን ፈቃዳቸውን ሊጠየቁ የማይችሉ፣ ገና ያልተወለዱ ሰዎችን ይጎዳል።

ተስፈኛው፦ ይህ መመዘኛ በእኩልነት ከተያዘ ብዙ ነገር ይከለክላል። በ55 ዓመቱ የሚወልድ አባት በ25 ዓመቱ ከሚወልደው ይልቅ ወደ 50 የሚጠጉ ተጨማሪ ለውጦችን በሐረጉ ውስጥ ያስገባል፤ እነዚህም ያልተወለዱትን ሳያስፈቅዱ ይተላለፋሉ፤ ሆኖም ለእነርሱ አስቀድሞ ዋስትና ይሰጥ ያለ ማንም የለም። በሽማግሌ አባት ላይ ያልተጠየቀ ዋስትና በአንዲት የ41 ዓመት ሴት ሕክምና ላይ ብቻ የሚጠየቅበት ምክንያት ምንድን ነው?

ተጠራጣሪው፦ ምክንያቱ ወንፊቱ ነው። የአባት ለውጦች በማሕፀን ውስጥ በመጣል ሥርዓት ያልፋሉ፤ ቤተ ሙከራው ግን በዚያ ሥርዓት ሊጠፋ የነበረውን እንቁላል ለማትረፍ ስለሚሠራ፣ የሚያተርፈው ጉዳቱን ያራቀውን ነው ወይስ የሸፈነውን የሚለው አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ለዚህ አይጥ አይበቃም፤ ዕድሜዋ ሁለት ዓመት ያህል የሆነ እንስሳ ለአርባ ዓመት ጥበቃ ምስክር ልትሆን አትችልም። ቢያንስ በጦጣዎች ላይ ተሠርቶ ልጆቹ ለመውለድ ሲደርሱና የልጅ ልጆቻቸው ሲያድጉ መታየት ይኖርበታል።

ተስፈኛው፦ የመጀመሪያው ቅድመ ሁኔታ፣ በጦጣ ይሞከር የሚለው፣ ተገቢ ነው። ሁለተኛው ግን ዋጋው ይቆጠር፤ ለዚህ ምርምር የሚያገለግሉት ጦጣዎች ለመውለድ የሚደርሱት በአራት ዓመት ገደማ ስለሆነ ሁለት ትውልድ አሳድጎ ማየት አሥር ዓመት ያህል ይፈጃል፤ ዛሬ 35 ዓመት የሆናት ሴት ያን ጊዜ 45 ይሆናታል።

ተጠራጣሪው፦ ይሆናታል፤ ስለዚህም ዛሬ ሊነገራት የሚገባው ሳይንስ ይደርስልሻል የሚለው ሳይሆን፣ እንቁላሎቿ በየዓመቱ ምን እንደሚሆኑ፣ ማቀዝቀዝ ምን እንደሚያቆይና ምን እንደማያቆይ፣ የባሏ ዕድሜም ድርሻ እንዳለው ነው።

ተስፈኛው፦ ይህ ሁሉ ይነገራት፤ ነገር ግን ከ50 ዓመት በፊት ለነበረችው፣ የእንቁላል ቱቦዋ ለተዘጋባት ሴት፣ መድኃኒት የለውም ተብሎ የተነገራት ቃልም በጊዜው እውነት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 ሉዊዝ ብራውን ከአካል ውጭ በተደረገ ጽንሰት ስትወለድ ግን ያ ቃል እውነት መሆኑን አቆመ፤ የዚያን ጊዜ ተቺዎችም የጠየቁት ያልተወለደው ልጅ ደኅንነት በምን ይታወቃል የሚለውን ይህንኑ ጥያቄ ነበር።